ሚኒየቸር ከሌለ ቆርኪ አለ

«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ (ጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ሆነን ታሪክ የምንጫወትበት ጨዋታ) ልንጀምር ነው፤ ሚኒየቸር (ገጸ ባሕርያቱን ካርታው ላይ የሚወክል ትንሽ ምስል) ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው?» ላልከው፦ ኧረ በጭራሽ! እኛ እዚሁ ሐዋሳ የምንጫወተው በለስላሳ ቆርኪ ነው። በተለመደው ካርታ የአንድ ካሬ ጎን 1 ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በጨዋታው 5 ጫማ ይወክላል። ቆርኪ ትንሽ ስለሚሰፋ ካሬውን 3 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አስምሩ። ጠላቶቹን ገልብጧቸው፣ ይለያሉ። ግዙፍ ዘንዶ 3 በ3 ካሬ ይይዛል፤ የጀበና ማቶት ልኩ ነው (እናቴ እስካሁን አልገባትም)።

በጨዋታው ታሪክ ውስጥ የጥንት ደብዳቤ ካስፈለገ ወረቀቱን በረካ ቡና ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት፣ ቁርጥ የጥንት ብራና። እውነቱን ለመናገር ከሚኒየቸር ይልቅ ተጫዋቹን የሚይዘው እሱ ነው። ሐይቁ ዳር ብቻ እንዳትጫወቱ። ነፋሱ አንዴ ካርታችንን ይዞት ሄዷል።