መልስ፦ የአውሮፕላን አንደኛ ማዕረግ ከኢኮኖሚ (ከተራው ወንበር) የሚረክሰው መቼ ነው?

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን ጠያቂ፣ ልጅዎ ለገና ሲመጡ ከዴንቨር እስከ ዋሽንግተን ላለው በረራ አንደኛ ማዕረጉ ከኢኮኖሚው ረክሶ ማግኘታቸው የግድ ስሕተት አይደለም። አየር መንገዶች አንዱን ዓይነት ወንበር በፊደል በተለዩ ብዙ ዋጋዎች ይሸጣሉ፤ በአብዛኛው ዋይ (Y) የሚባለው ቅናሽ የሌለው ሙሉ የኢኮኖሚ ዋጋ ሲሆን፣ እንደ ኪው (Q) ያሉት የኢኮኖሚ ቅናሾች ቁጥራቸው ስለሚወሰን ቀድመው ያልቃሉ። የጉዞው ቀን ተቃርቦ ዋይ ብቻ ሲቀር፣ ፊት ያሉት ሰፋፊ ወንበሮች ደግሞ ገዢ ካጡ፣ በቅናሽ የቀረበው አንደኛ ማዕረግ ከዋይ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአንደኛ ማዕረግ እያንዳንዳቸው እስከ 32 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ያለ ክፍያ ስለሚጭኑ፣ ለዘመድ ሁሉ ስጦታ ይዞ ለሚመጣ ሰው (የእኛን ሰው መቼም ያውቁታል) ጥቅሙ ከትኬቱ ዋጋ ልዩነትም ያልፋል።

ሆኖም ዋይ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የሚመለስ ሲሆን ርካሹ አንደኛ ማዕረግ ላይመለስ ስለሚችል፣ ልጅዎ ከመክፈላቸው በፊት የትኬቱን ደንብ ያንብቡ። ከዋሽንግተን ቦሌ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ግን አንደኛ ማዕረግ የለም፤ ከኢኮኖሚ በላይ ያለው ክላውድ ናይን የተባለው ቢዝነስ ክላስ ነው።