መልስ፦ ከረጅም ሩጫ በኋላ ቫይታሚን ሲ ልዋጥ?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ረጅም ሩጫ ከሮጥክ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እንደምትዝል ጽፈሃል። ጓደኞችህም «ኦክሲደቲቭ ስትረስ (ሴል የሚጎዱ ሞለኪውሎች መብዛት) ነው፣ በየቀኑ 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ዋጥ» ብለውሃል። እኔ ብሆን አልውጥም።

ስትሮጥ ጡንቻህ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪውሎች ይበዛሉ። ከልክ ሲያልፉ ሴል ይጎዳሉ፣ ቫይታሚን ሲም ያከሽፋቸዋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ምልክትም ይሰጣሉ። ጡንቻው ተጨማሪ ማይቶኮንድሪያ (ጉልበት የሚያመነጩ የሴል ክፍሎች) እንዲሠራ፣ የራሱን መከላከያም እንዲያጠናክር ይቀሰቅሱታል። በ2014 በወጣ የኖርዌይ ጥናት፣ ለ11 ሳምንት ይህንኑ የቫይታሚን ሲ መጠን ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱ ሰዎች ጡንቻ ላይ ይህ ለውጥ ተዳክሞ ታይቷል። የኦክስጅን አጠቃቀም አቅማቸው ግን ካልወሰዱት እኩል ጨምሯል። ስለዚህ ክኒኑ መርዝ ነው አልልም፤ ገንዘብህን ነው የሚበላው።

እኔ የምጠረጥረው ምግብና እንቅልፍህን ነው። በዐቢይ ጾም ጠዋት ሮጠህ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ብትቆይ ምን ትጠብቃለህ? ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ወይም እሁድ አድርገው። እንደተመለስክ ሽሮ በእንጀራ፣ ጎመን፣ ድንች ብላ፤ ማንጎ ከተገኘማ ምን ትፈልጋለህ! ውሃም እንዳትረሳ።

ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።