የተላጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጣል ወይስ ይቆይ?

እህታችን የጠየቁን ባጭሩ ይህን ነው፦ እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥቁሩ ሽፋን መሐሉ ላይ ተልጦ ብረቱ ታይቷል፤ አንዳንዴ እንጀራው ሥር ጥቁር ቅርፊት ያገኛሉ፤ «ካንሰር ነው» የሚል ወሬ ስለሰሙም ለልጆቻቸው ሰግተዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ በምግብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በቤቴም በእንዲህ ያለ ምጣድ ጋግሬበታለሁ፣ ጉዳዩንም ለራሴ ስል ተከታትዬዋለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅርፊቱ ልጀምር። ሽፋኑ የሚሠራበት፣ ቴፍሎን የምንለው ነገር ሮይ ፕላንኬት የተባለ ኬሚስት በ1938 በኒው ጀርሲ በአጋጣሚ ያገኘው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከምንም ነገር ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ ተውጦም ቢሆን ሆድ ሳይፈጨው እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ልጆችዎ እስካሁን ስለበሉት ቅርፊት እንቅልፍ አይጡ። ምጣዱ ግን አገልግሎቱን ጨርሷል፤ መላጥ ከጀመረ አይቆምም፣ እንጀራውም መያዙ አይቀርም።

ከቅርፊቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲግል መፈራረስ ይጀምራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም መርዛም ጋዝ ያወጣል። የእኔ ምጣድ መቆጣጠሪያው እስከ 500 ፋራናይት ይደርስ ነበር፤ ይኸውም 260 ማለት ነው። በምሠራበት ወጥ ቤት አንድ ምሽት ባዶ መጥበሻ ምድጃ ላይ ተረስቶ ጢሱ ቤቱን ሞላው፤ ሁላችንም ስንስል ቆየን፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ማታ ወባ እንደያዘው ሰው ብርድ ብርድ እያለው በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ አደረ። በማግስቱ ተሻለው። ይህ በሕክምና የታወቀ ሕመም ነው፤ በቤት ውስጥ የሚረቡ ወፎች ግን በዚሁ ጢስ ይሞታሉ። ምጣዱን ባዶውን ከልክ በላይ አያግሉ፣ መስኮትም ይክፈቱ የምለው ስለዚህ ነው።

የካንሰሩ ወሬ መነሻው ከሌላ ቦታ ነው፤ ያም ቦታ ከእኛ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ፓርከርስበርግ አጠገብ ያለው የዱፖንት ኩባንያ ፋብሪካ ቴፍሎን ለመሥራት ከ1951 ጀምሮ ፒኤፍኦኤ የተባለ ኬሚካል ይጠቀም ነበር፤ ኬሚካሉም ወደ ኦሃዮ ወንዝና ወደ አየር እየተለቀቀ፣ ማዶ ያለችውን የሊትል ሆኪንግን የመጠጥ ውኃ ሳይቀር በከለ። ዊልበር ቴናንት የተባለ አርቢ ከብቶቹ ሲያልቁበት ሮብ ቢሎት የተባለውን ጠበቃ ይዞ በ1999 ከሰሰ፤ ከዚያ በተከተለው ክስ ስምምነት መሠረት የ69,000 ያህል ነዋሪዎች ደም ተመረመረ። በ2012 የተጠናቀቀው ጥናት ኬሚካሉ ከስድስት ሕመሞች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ደመደመ፤ እነርሱም የኩላሊትና የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ናቸው። በ2017 ለ3,550 ያህል ከሳሾች 671 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። እነዚህን ሰዎች የጎዳቸው መጥበሻቸው ሳይሆን ውኃቸው መሆኑን ልብ ይሏል። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ኬሚካሉ በአፈርና በውኃ ውስጥ አይበሰብስም፣ ከደምም ለመውጣት ዓመታት ይፈጅበታል።

በአዳዲስ ዕቃዎች ላይ የሚለጠፈው «ፒኤፍኦኤ የለበትም» የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፤ ትላልቆቹ አምራቾች እስከ 2015 ድረስ ለመተው ተስማምተው ነበርና። በቦታው የተተካው ጄንኤክስ የተባለ ኬሚካል ግን የዚያው ቤተሰብ ዘመድ ነው፤ በ2017 በሰሜን ካሮላይና በኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መኖሩ ሲገለጽ ሕዝቡ ዳግመኛ ስለ ውኃው መጮህ ጀመረ። በዚህ ምክንያት እኔ ጽሑፉን አይቼ አልገዛም። ሚኒሶታ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የዚህ ቤተሰብ ኬሚካል ሆን ተብሎ የተጨመረበት የማብሰያ ዕቃ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

በበኩሌ ለመጥበስ የብረት መጥበሻ፣ ለእንጀራ ደግሞ ሽፋን የሌለው የአሉሚኒየም ምጣድ ገዛሁ። እናቴ አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እንደምታሟሸው፣ እኔም ዘይት እየቀባሁ ደጋግሜ አሟሸሁት። የመጀመሪያዎቹ ስምንት እንጀራዎች ተበጣጥሰው ለፍርፍር ሆኑ፤ ተስፋ አይቁረጡ፣ ከዚያ በኋላ ዓይን እያወጣ ይሰፋል። አሮጌውን ምጣድ ለሌላ ሰው አይስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእናንተ መካከል በእነዚያ ወንዞች አካባቢ የራሱን ጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ካለ፣ ከምጣዱ በፊት ውኃውን ያስመርምር። ማፍላት ኬሚካሉን አያጠፋውም፤ የካርቦን ወይም የሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ) ማጣሪያ ግን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ማጣሪያውም በጊዜው መቀየር አለበት።