ስለ ታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ኩባንያውን ማን መሠረተው? ገንዘቡስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሞሪስ ቻንግ ናቸው፣ በ1987፣ ሺንቹ ከተማ። በአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ 25 ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ከካፒታሉ ግማሽ ያህሉን የታይዋን መንግሥት፣ ከሩብ በላዩን የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ ቀሪውን የአገሬው ባለሀብቶች አዋጡ።

ጥያቄ፦ በስሙ የሚሸጥ ቺፕ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ምንድን ነው የሚሸጠው?

መልስ፦ የማምረት ሥራውን። «ሞዴሉን አምጡ፣ ስፌቱ የእኔ ነው» እንደሚል ልብስ ሰፊ ነው። ያኔ ንድፍ ኖሮት ፋብሪካ የሌለው ሰው ተፎካካሪው ደጅ ሄዶ ይለምን ነበር፤ የሚያገኘውም ማሽን ሥራ ሲፈታ ብቻ ነው። ቲኤስኤምሲ ግን ከደንበኛው ጋር ገበያ አይሻማም። ቺፕ ነዳፊው ኤንቪዲያ ያለ ፋብሪካ ያደገው በዚህ መንገድ ነው። ለእኔ ከማሽኖቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ውሳኔ ነው።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ቺፖች ዋጋቸው ለምን እንዲህ ይሰቀላል?

መልስ፦ ስሌቱን እንየው። ከአንድ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ዌፈር (ቺፖቹ የሚሠሩበት ክብ የሲሊከን ዝርግ) 100 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቺፕ 640 ገደማ ይወጣል፤ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ የሚቀረው አይቆጠርም። በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.1 ጉድለት ቢኖር 90 በመቶው፣ 580 ያህሉ፣ ደህና ነው። ቺፑን 600 ካሬ ሚሊ ሜትር ስታደርገው የሚወጣው 90 ገደማ ነው፤ ከዚያም ደህናው 55 በመቶ፣ ማለትም 50 ያህል ብቻ። ስፋቱ በ6 እጥፍ ጨመረ፣ ደህናው ቺፕ ግን ከ11 እጥፍ በላይ ቀነሰ። ምክንያቱም አንዲት ብናኝ ያረፈችበትን ቺፕ በሙሉ ታበላሻለች፤ ሰፊው ቺፕ ደግሞ ብናኝ የሚያርፍበት ቦታ በዝቶለታል።

ጥያቄ፦ በውኃ ውስጥ ብርሃን ማሳለፍ የሚባለውስ?

መልስ፦ የቺፑ ቅርጽ ዌፈሩ ላይ የሚሳለው በብርሃን ነው፤ የብርሃኑ ሞገድ ባጠረ ቁጥር ቅርጹ ይበልጥ ይደቃል። ውኃውን መጠቀም የቲኤስኤምሲው መሐንዲስ በርን ሊን በ2002 ያራመዱት ሐሳብ ነው። ሌሎች የብርሃኑን ሞገድ ከ193 ወደ 157 ናኖሜትር ለማሳጠር ይታገሉ ነበር፤ የሌንሱ ማዕድን ግን አስቸገረ። እሳቸው በሌንሱና በዌፈሩ መካከል ስስ ውኃ እናድርግ አሉ። ውኃ ሞገዱን በ1.44 ያካፍለዋል፤ 193ን ለ1.44 ስታካፍለው 134 ናኖሜትር ይሆናል፤ ከ157 ያነሰ! ችግሩ አረፋ ነው፤ ብርሃኑን ስለሚበትን ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ ውኃው አየሩ ተመጥጦ ይገባል። ወደኋላ የቀረች ጠብታም ስትደርቅ እድፍ ትተዋለች።

ጥያቄ፦ ከባድ ኪሳራ ደርሶበት ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። በነሐሴ 2018 አንድ አዲስ ማሽን ቫይረስ እንዳለበት ሳይመረመር ከኔትወርኩ ጋር ተገናኘና ምርት ተስተጓጎለ። በጥር 2019 ደግሞ ዌፈሩ ላይ የሚቀባው፣ ብርሃን የሚቀርጸው ኬሚካል ከአቅራቢው ተበላሽቶ መጣ። በሩብ ዓመቱ ገቢ ላይ 550 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጎደለ።