ከጸሎት ቤቱ ወጣሁ፤ እናቴ ግን እዚያው ናት

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት አንድ «ነቢይ» በሚመራው ጸሎት ቤት ነው። ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ከየትኛው ዘመድ ጋር እንደምንቀራረብ ሳይቀር የሚወስነው እሱ ነበር። ኢንተርኔትም ተከልክለን ነበር። እኔ ግን ቀድመው የወጡ ሰዎች የሚገናኙበትን የቴሌግራም ቡድን በድብቅ አግኝቼ ሌሊት ሌሊት ሳነብ ከረምሁና አምና ወጣሁ። እናቴ ከእኔ ጋር ብትነጋገር እንደምትወገዝ ተነግሯት ስልኬን አታነሳም። የቡድኑ ወዳጆቼ «ሁሉንም በቲክቶክ ተናገሪ፤ እናትሽ ያደረገችሽንም አትደብቂ» ይሉኛል። ዝም ብል ሌሎች ልጆች ይጎዳሉ፤ ብናገር እናቴን አጣለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

እህቴ ሆይ፣

ሰውዬው ኢንተርኔትን የከለከላችሁ በከንቱ አይደለም። ሳይንቶሎጂ የተባለው በአሜሪካ የተመሠረተ የእምነት ድርጅት ብዙ ለከፈሉ ተከታዮቹ ብቻ የሚገልጠው ምስጢራዊ ትምህርት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ፣ አውጪዎቹን ፍርድ ቤት አቆማቸው፤ ጽሑፉን ግን መልሶ መሰብሰብ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአውስትራሊያ ሮያል ኮሚሽን (መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ አካል) የይሖዋ ምስክሮችን ስለ ሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ሲመረምር ችሎቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በ1,006 ተጠርጣሪ አባላቱ ላይ መዝገብ ይዞ አንዱንም ለመንግሥት አለማሳወቁን፣ የወጡትም ያልወጡትም እቤታቸው ሆነው ሰሙ።

ልብ በይ፤ ሁለቱን ያጋለጣቸው የገዛ ሰነዳቸው ነው እንጂ የማንም እናት ገመና አይደለም። አንቺም ሰውዬው የሠራውን ከነቀኑ ጻፊ፤ የስብከት ቅጂም ሆነ የገንዘብ ደረሰኝ ካለሽ አስቀምጪ። ልጅ ተመትቶ ወይም ገንዘብ ተወስዶ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጠበቃና ወደ ፖሊስ ሂጂ፤ ቲክቶክ ይቆይ። ስትናገሪም ስለ እሱ ተናገሪ፣ እናትሽን ተያት። «የወጣ ሁሉ ቤተሰቡን ያዋርዳል» ብሎ ሲሰብክ ከርሞ ይሆናል፤ ማስረጃውን አንቺ ለምን ታቀብዪዋለሽ?

ስለ ቡድኑም ልናገር፣ ባይጥምሽም። መውጫ መንገድ ስላሳዩሽ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ምን እንደምትናገሪ፣ በማን ላይ እንደምትጨክኚ ማዘዝ ከጀመሩ ይህን ጠባይ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስልክም በራሱ ነጻ አያወጣም፦ በኬንያ ሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን የተቆፈረበት ጉዳይ ተከሳሽ፣ ተከታዮቹን እስከ ሞት አስጹሟል የተባለው ሰባኪ ፖል ማኬንዚ፣ ስብከቱን በዩቲዩብ ያሰራጭ ነበር።

ለእናትሽ በአዲስ ዓመትም፣ ስትታመምም ሰላምታ ላኪላት። ሃይማኖት አታንሺባት፣ መልስም አትጠይቂያት። ነቢዩን የማትፈራ አክስት ካለችሽ ደግሞ መልእክቱ በእሷ አፍ ይድረስ፤ የእናትሽን ስልክ ማን እንደሚፈትሸው አታውቂምና።