ከብሊች በኋላ ማታ ማታ የሚመጣ ሳል

ጥያቄ፦ ፀጉር ሥራ ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ አፍንጫዬ ይዘጋና ያስነጥሰኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ማታ ያስለኛል፣ ደረቴም ሲር ሲር ይላል። ሥራ ላይ እያለሁ ግን እምብዛም አይሰማኝም። የእረፍት ቀኔን ደህና ሆኜ እውላለሁ። ማስክም አደርጋለሁ።

መልስ፦ በእረፍት ቀን የሚተው ሳል መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሥራውን ነው፤ ማታ መባሱ ጥርጣሬውን አያነሳውም። ፀጉር ማንጫው ዱቄት (ብሊቹ) ውስጥ ፐርሰልፌት የሚባሉ ጨዎች አሉ። ፀጉር ሠሪዎችን ለአስም ከሚዳርጉት ነገሮች ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። ሰውነት እስኪቆጣቸው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ «እስከ ዛሬ ምን አደረገኝ?» ማለት ስለዚህ አያዋጣም። አንዴ ከተቆጣ በኋላ ምልክቱ ወዲያው ሊመጣ ወይም ከ4 እስከ 8 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሙያዎን ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ የምርቶቹንም ማሸጊያ ፎቶ አንስተው ያሳዩ። ፒክ ፍሎው ሜትር (አየር ምን ያህል በኃይል እንደሚያወጡ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ከተሰጠዎት ቆመው አየር በረጅሙ ይሳቡ፣ በአንዴ በኃይል ይንፉ፣ 3 ጊዜ ሞክረው ትልቁን ቁጥር ይጻፉ። ይህንን በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ያህል ያድርጉ። ብዙ ሰው የእረፍት ቀኑን ይዘለዋል፤ ማነጻጸሪያው ግን እሱ ነው። ምርመራው ሳያልቅ ሥራ መተውም ማስረጃውን ያደበዝዘዋል። ትንፋሽ አጥሮዎት መናገር ካቃተዎት ግን ምዝገባውን ትተው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አደጋው የሚከፋው ዱቄቱ በሚበጠበጥባት ደቂቃ ነው። ዕቃውን ከላይ ገልብጠው ካራገፉት ብናኙ በቀጥታ ፊትዎ ላይ ይነሳል። ማንኪያውን እስከ ሳህኑ ወለል አውርደው ቀስ ብለው ያራግፉ፣ ዕቃውን ወዲያው ይክደኑ፣ የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አያንሱ። ቬንትሌተር ብናኙን ከመበተን በቀር ፋይዳ የለውም፤ የሚያስፈልገው ከጠረጴዛው አየሩን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ዱቄቱን በክሬም መተካት ነው። ተራው ማስክ በጎንና በጎን ክፍት ስለሆነ አይመኩበት። ኤን95 የሚባለው ፊት ላይ ግጥም የሚል ማስክ ብናኝ ያስቀራል፤ ጋዝ ግን አያስቀርም።

አስሙ ከፐርሰልፌት መምጣቱ ከተረጋገጠ ጥንቃቄ ብቻ አይበቃም፤ የሥራ ባልደረባዎ እዚያው ክፍል ሲበጠብጥ እንኳ ሊነሳብዎት ይችላል። በኢንሄለር እያስታገሱ መቀጠል ደግሞ ክፉ አማራጭ ነው፤ ከዘገየ ሥራውን ቢተዉትም አስሙ ላይለቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የምንጠቀምበት የኬራቲን ማለስለሻ «ፎርማልዲሃይድ የለውም» ይላል። ፒያስትራው ሲያልፍበት ግን ዓይናችን ያለቅሳል።

መልስ፦ ጽሑፉን ሳይሆን ዓይናችሁን እመኑ። የንጥረ ነገሩን ዝርዝር አይታችሁ ሜቲሊን ግላይኮል፣ ፎርማሊን ወይም ሜታናል የሚል ካገኛችሁ ያው ነው፤ በፒያስትራው ሙቀት ፎርማልዲሃይድ ጋዝ ይለቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። መስኮት መክፈት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ምርቱን ቀይሩት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ደንበኛም ያንኑ አየር ነው የምትስበው።