ልጆች አንድ ላይ ሲስሉ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ለጀማሪ መምህራን

እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ። ይሄን የምጽፈው ዘንድሮ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ለምትይዙ ወጣት መምህራን ነው፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ምናምን ለተመደባችሁ። እኔ ጡረታዬ ደርሷል፣ አብዛኛውን የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እንደዚህ ባሉ ሰፈሮች ስለሆነ ክፍሉ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ አንዳንዴ አራት፣ የክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ተከፋፍሎ ሳያልቅ ይደወላል። በዚህ ላይ የቡድን ሥዕል ላሠራ ነው ስትሉ ስታፍ ውስጥ "ተወው ባክህ፣ ትርፉ ግርግር ነው" የሚል አይጠፋም። እኔ አትተዉት ነው የምለው፣ ግን አሠራሩ ላይ የምነግራችሁ አለ።

ብዙ ጊዜ የማየው እንዲህ ነው። ትልቅ ወረቀት ይሰጥና "በግሩፕ ሳሉ" ይባላል። ከዛ መሳል የሚችለው ልጅ ማርከሩን ይይዛል፣ አንዷ እርሳስ ትቀርጽለታለች፣ ሌላው ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ይይዝለታል፣ የቀሩት ወሬ ላይ ናቸው። የወላጆች ቀን ሲደርስ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ከሥሩ የሁሉም ስም ይጻፋል። ይሄ አንድ ልጅ ሠርቶት ሌሎቹ የፈረሙበት ሥራ ነው። ልጆቹ ሰንፈው እኮ አይደለም፣ ሥራው እነሱን ስላልፈለጋቸው ነው። ስለዚህ የእናንተ ድካም መሆን ያለበት ከክፍሉ በፊት ነው፣ አንድም ልጅ ሌላውን ሳይጠይቅ ሊጨርሰው የማይችለውን ሥራ አስቦ መምጣት።

እኔ የምወደው ቁርጥራጩን ነው። ከሱቅ የዘይት ካርቶን ለምናችሁ እኩል እኩል ቁረጡ፣ ወይ ትንሽ ብር ካለ አቡጀዲ ግዙ፣ ከዛ ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ አንድ ቁራጭ ስጡ፣ ሁሉም ሲገጣጠም አንድ ሥዕል ይሆናል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ውስጥ ግድግዳ ላይ የምናየው ሥዕል ጨርቅ ላይ ተስሎ በኋላ የተለጠፈ ነው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠሩት የመስታወት ሥዕልም 150 ካሬ ሜትር ሲሆን በሦስት ትልልቅ መስኮት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ትግሏንና ነገዋን ነው የሚያሳየው፣ ቀርባችሁ ስታዩት ደግሞ ያ ሁሉ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ ብርጭቆ ነው። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አሳዩዋቸው፣ ልጆቹ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ጠርዝህ ላይ ያለውን ነገር ከጎረቤትህ ጋር ሳትነጋገር አትሳል። መንገድ ከአንዱ ካርቶን ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት አለበት፣ ወንዙም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም። መጀመሪያ ሕጉን ይረሱታል፣ ይርሱት። አራተኛ ክፍሎች ጋር ስንሠራ የአንደኛው አስፋልት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከጎረቤቱ አስፋልት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። የኔ ነው ልክ፣ የለም የኔ ነው፣ ተጨቃጨቁ፣ ወደ እኔም መጡ፣ እኔ "እንግዲህ ሚኒባሱ የት ሊገባ ነው?" ብዬ ተውኳቸው። ትንሽ ቆይተው አንዷ መንገዱን ወደ ታች አጥፋው አለች፣ ያኛው ደግሞ እንደዛ ከሆነ ሥሩ ድልድይ ይኑር አለ፣ በቃ ሰፈሩ ውስጥ በእውነት የሌለ ድልድይ ተሠራ። ያን ጊዜ እኔ ማስመሪያ ይዤ አስተካክዬላቸው ቢሆን ኖሮ መንገዱ ቀጥ ይል ነበር፣ ልጆቹ ግን ምንም አይነጋገሩም ነበር።

ስለ ጤፉ ደግሞ ልንገራችሁ። "ሰፈራችን ድሮ፣ ዛሬና ነገ" ብለን ስንሠራ "ድሮ" ከሚለው ክፍል አንዱ ቁራጭ የደረሳቸው ወላጆቻቸው ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ከመሀል ከተማ የመጡ ልጆች ነበሩ። ጤፍ እርሻ ሳሉ፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወፍራም አገዳ ያለው፣ የበቆሎ ታናሽ ወንድም የሚመስል ጤፍ። ከጎናቸው ያለውን ቁራጭ የያዘው ልጅ አባቱ እዛው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው፣ ቤት የሚያወሩት ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛውን ገና እየለመደ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ አይሰማም። አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን አየና "ጤፍ እንደዚህ አይቆምም፣ ይተኛል" አለ። ሳቁበት። "እንዴት ነው የሚተኛው?" ሲሉት ክንዱን ዘርግቶ ጣቶቹን በትኖ ነፋስ እንደገፋው ወደ አንድ ጎን ቀስ አድርጎ አጋደለው። ከዛ ቀለሙንም ተቸ፣ መስከረም ላይ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ የሚሆነው ኅዳር ነው፣ እናንተ የየትኛውን ወር ነው የምትስሉት አላቸው። ልጆቹ ተያዩ፣ ወር እንዳለው አላሰቡትም ነበር። ከዛ በኋላ አውድማው እንዴት ነው፣ ነዶ እንዴት ይከመራል፣ በሬዎቹ በየት በኩል ይዞራሉ፣ ሁሉንም እሱን ነው የጠየቁት፣ እሱም በተራው የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ውስጡ ምን እንደሚመስል ጠየቃቸው፣ ወጥቶበት አያውቅማ።

ጤፍ እንደሚተኛ እኔም መናገር እችል ነበር። ብናገር ግን ደብተር ላይ የሚገለበጥ ኖት ነው የሚሆነው። በነዚህ ሰፈሮች የገበሬው ልጅና የባለ ዕጣው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ ስለ ቤታቸው ሳያወሩ ሊጨርሱ ይችላሉ፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ ሥዕሉን አጥብቄ የምይዘውም ለዚህ ነው።

ቀለም የለንም አትበሉኝ። ከሰል አለ፣ ቀይ አፈር በወንፊት ነፍታችሁ በቀጭኑ ከበሰለ የዱቄት ሙጫ ጋር ስትለውሱት ካርቶን ላይ ቆንጆ አድርጎ ይይዛል። እርድ ቢጫ ይሰጣችኋል፣ የአመድ ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ደግሞ ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል፣ ይሄን ልጆቹ ራሳቸው ያድርጉት፣ ክፍሉ በጩኸት ነው የሚሞላው፣ የሳይንስ መምህሩንም ጥሩት። ቀይ ሥርና እርድ ፀሐይ ላይ ቶሎ እንደሚደበዝዙ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በኋላ እንዳያዝኑ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በጀሪካን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ዩኒፎርም እንዳይበላሽ የአባታቸውን አሮጌ ሸሚዝ የኋላውን ወደ ፊት አድርገው ይልበሱ፣ አለዚያ በማግስቱ እናቶች በር ላይ ይጠብቋችኋል፣ እውነታቸውን ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። እጃችሁን ሰብስቡ። በተለይ የሥነ ጥበብ ት/ቤት የጨረሳችሁ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት ት/ቤት የወጣችሁ፣ እጃችሁ እንደሚበላችሁ አውቃለሁ። የሰውዬው ክንድ ረዘመ፣ ቤቱ ተንጋደደ፣ ትንሽ ብነካው ምን አለበት ትላላችሁ። አትንኩት። መምህር የነካውን ቦታ ልጅ ደግሞ አይነካውም፣ ያ ጥግ ከእጁ ወጣ ማለት ነው። እንግዳ ሊመጣ ነውና ሥዕሉ ይስተካከል የሚል አለቃም ይገጥማችኋል፣ በትህትና እምቢ በሉ፣ ከፈለጉ ንጹሕ ፖስተር ገዝተው ከጎኑ ይስቀሉ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ስትለቁም ሥዕሉን ብቻ ልቀቁ፣ የልጆቹን ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አታውጡ።

ለተከታታይ ምዘና ማርክ የግድ ያስፈልጋል፣ ገባኝ። የሥዕሉን ውበት አታርሙ። እያንዳንዱን ልጅ ቁራጩ ጋ አቁማችሁ ከጎረቤትህ ምን ጠየቅክ፣ ስትነጋገሩ ምን ቀየርክ በሉት። የሠራ ልጅ አፉን ሞልቶ ይነግራችኋል፣ ዝም ያለው ደግሞ በሚቀጥለው ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለበት ያኔ ታውቃላችሁ።

እያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ ቁጥርና ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ጻፉ፣ አለዚያ ስትሰቅሉ ግማሹ ይገለበጣል። ሰኔ ላይ ሥዕሉ ምን ይሁን የሚለውንም እናንተ አትወስኑ፣ እያንዳንዱ ቁራጩን ይዞ ቤቱ ይግባ ወይስ ሳይነጣጠል ለቀጣዩ ክፍል ይተላለፍ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ለክርክሩም ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጧቸው።